«የክሮኤሺያ ምግብ የሚባል የለም» ላሉን ወንድም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ከረመ። ለእኔ ብቻ ከአራት ሰው ደርሶኛል። አንደኛዋ እህቴ ናት። «ያንተን ምግብ ቤት ድራሹን አጠፉት» ብላ፣ የሳቅ ምልክት ደርድራ ላከችልኝ።

ጸሐፊው እዚሁ ጀርመን የሚኖሩ ወገናችን ናቸው። አንድ ቅዳሜ ማታ ባለቤታቸውን ይዘው ሰፈራቸው ያለ የክሮኤሺያ ምግብ ቤት ገቡ። በሉ፣ ጠጡ፣ ሒሳብ ከፈሉ። ቤታቸው ገብተው ደግሞ ፍርድ ጻፉ። ጽሑፉ ያስቃል፤ እኔም ስቄያለሁ። አስተናጋጁ ሳይጠየቅ የፕሪም አረቄ ይዞ ከተፍ ሲል የጻፉት ቁልጭ ያለ እውነት ነው። ሁሌም እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። ፍርዱን ግን አልቀበለውም።

ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። አንደኛ፣ «የክሮኤሺያ ምግብ» የሚባል ነገር የለም፤ ያለው ከጣሊያን፣ ከቱርክና ከኦስትሪያ የተለቃቀመ ነው ብለዋል። ሁለተኛ፣ ምግቡ የሥጋ ክምር ነው፤ ጾመኛ ሰው ሰላጣ አኝኮ ይወጣል። ሦስተኛ፣ ወይኑ ስምም ታሪክም የለውም፤ ባለቤቶቹ ራሳቸው ውሃ ቀላቅለው ይጠጡታል። አራተኛ፣ ጥሩ ነው የተባለውን ምግብ ሲጠይቁ «ከአንድ ቀን በፊት ማዘዝ ነበረባችሁ» ተባሉ፤ ይሄ ደንበኛን መናቅ ነው። አምስተኛ፣ እኛን ሐበሾችን ከዚያ አገር ጋር የሚያገናኘን ምንም ክር ስለሌለ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

እኔ ምግብ አብሳይ አይደለሁም። ፍራንክፈርት ውስጥ አውቶቡስ ነው የምነዳው። ስፕሊት ከምትባል የክሮኤሺያ ከተማ የመጣ አንድ ልጅ ግን ስምንት ዓመት አብሮኝ ሠርቷል። እኔ ወደማዘወትረው የክሮኤሺያ ምግብ ቤት መጀመሪያ የወሰደኝ እሱ ነው። ሜኑውን ልከፍት ስል ከእጄ ላይ አነሳው። «ይሄ ለጀርመኖች ነው» አለኝ። ከዚያ በቋንቋቸው ወደ ማዕድ ቤቱ የሆነ ነገር ጮኸ። ትንሽ ቆይቶ የተጠበሰ ዓሣ መጣ። ጎኑ ላይ አረንጓዴ ነገር አለ። ቀረብ ብዬ ሳየው ቆስጣ በድንች ነው! ነጭ ሽንኩርቱ ይሸታል፤ ዘይቱ ያብለጨልጫል። እናቴ በሁዳዴ የምትሠራው ነው። ልዩነቱ የወይራ ዘይት መሆኑና ቃሪያ አለመኖሩ ብቻ ነው። ስሙ ብሊትቫ ይባላል። ዳልማቲያ በሚባለው የባሕር ዳርቻቸው ዓሣ ሲቀርብ ይሄ ከጎኑ አይጠፋም።

ያን ቀን የገባኝን ነገር ጸሐፊው አላገኙትም። እሳቸው የበሉት የሜኑውን የፊት ገጽ ነው።

ያዘዙትን ዘርዝረውታል፦ ቼቫፕቺቺ (ተፈጭቶ፣ ተጠቅልሎ የሚጠበስ ሥጋ)፣ በሽቦ የተሰካ ሥጋ፣ ጉበት፣ ቀይ ሩዝ፣ የተከተፈ ጥሬ ሽንኩርት። ያን ሳህን አውቀዋለሁ። ጀርመን ውስጥ ያለ የባልካን ምግብ ቤት ሁሉ አለው። ከየት መጣ ቢባል ግን መልሱ ከክሮኤሺያ ይልቅ ወደ ጀርመን ያደላል። በ1968 እ.ኤ.አ. የምዕራብ ጀርመንና፣ ክሮኤሺያ ያኔ ክፍሏ የነበረችው፣ የዩጎዝላቪያ መንግሥታት የሠራተኛ ቅጥር ስምምነት ተፈራረሙ። ከዳልማቲያ ጀርባ ካለው ድንጋያማ አገር ወጣቱ ነቅሎ ወጣ። ከዚያው አካባቢ ኢሞትስኪ በምትባል ከተማ ከድንጋይ የተጠረበ የመርሴዲስ መኪና ሐውልት ቆሟል። የጀርመን ስደተኛ ለእረፍት ወደ አገሩ የሚነዳው መኪና ማስታወሻ ነው። የእኛ ሰው ሐውልት ቢያቆም የቱን መኪና ይመርጥ ነበር እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ።

ከእነዚያ ሠራተኞች አንዳንዶቹ ምግብ ቤት ከፈቱ። ደንበኛው ጀርመን ነው። ጀርመኑ ብዙ ሥጋ በትልቅ ሳህን ይወዳል። አጥንት ያለው ዓሣ አይፈልግም፤ ቆስጣም አያጓጓውም። እነሱም የሚሸጠውን አቀረቡ። በር ላይ «የዩጎዝላቪያ ምግብ ቤት» ይል ነበር። በ1991 አገሩ ሲፈርስ ብዙዎቹ ታፔላውን ቀየሩ። ሳህኑን ግን አልቀየሩም።

ይሄ ለእኛ እንግዳ መሆን የለበትም። የእኛስ ምግብ ቤቶች ውጭ አገር ምን ያቀርባሉ? ትሪ ሙሉ ቅይጥ፣ በርበሬው የተቀነሰ። አንድ ጀርመን ያን አንድ ትሪ በልቶ «ኢትዮጵያውያን ቁርስ የላቸውም፣ ሁሉም ወጣቸው አንድ ዓይነት ነው» ብሎ ቢጽፍ እንደ እብድ ነበር የምንጮኸው። ጨጨብሳውስ? ቡላውስ? ስልጆው፣ አዚፋውስ? እንል ነበር። እንግዲህ እዚህ ላይ ጀርመኑን የሆኑት ጸሐፊው ናቸው።

ወደ መጀመሪያው ክስ ልምጣ፤ ቅጂ ነው ወደሚለው። እዚህ ላይ ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ቼቫፕቺቺ የክሮኤሺያ ነው ብዬ አልሟገትም። ከኦቶማኖች ጋር የመጣ ነው፤ ባለቤት ይውጣለት ከተባለም ቦስኒያ ትቀድማለች። ሪዞቶ የሚሉት ሩዝም ጣሊያን ጣሊያን ይላል። ዳልማቲያን ቬኒስ እስከ 1797 ድረስ ወደ አራት መቶ ዓመት ገዝታታለች። ሰሜኑና ምሥራቁ ከሃንጋሪና ከኦስትሪያ ጋር ኖሯል። እንዲህ ተኖሮ ድስት ካልተቀላቀለ ነው የሚገርመው።

ግን የተቀበሉት ሁሉ ቅጂ ነው ከተባለ እኛም ጉድ ሊፈላብን ነው። ፓስታን ማን አመጣው? ዛሬ ግን ፓስታን በበርበሬ ስልስ ሠርቶ በእንጀራ ጠቅልሎ የሚበላ ሕዝብ ከእኛ ሌላ አላውቅም። ሮም ወስደው ቢያቀርቡት ጣሊያን የሚያለቅስ ይመስለኛል። የእኛ ሆኗል፣ አለቀ። በርበሬው ራሱ ዘሩ ከአሜሪካ ነው የመጣው።

የባልደረባዬ እናት አንዴ ከስፕሊት ሊጠይቁት መጥተው ነበር። ፓሽቲጻዳ ሊሠሩ ነው ብሎ ዓርብ ማታ ጠራኝ። የሚበላው እሑድ ነው። «ታዲያ ዛሬ ምን ልሠራ ነው የምመጣው?» አልኩት። «ልታይ» አለኝ። አሮጊቷ ትልቅ የበሬ ጭን ሥጋ ፊታቸው አስቀምጠዋል። በቀጭን ቢላ እየወጉ ቀዳዳው ውስጥ ነጭ ሽንኩርትና የአሳማ ስብ ይጠቀጥቃሉ። ለእኔ ሲሉ አንዱን ወገን ያለ ስብ ተዉት። ከዚያ ሥጋው አቼቶ ውስጥ ገብቶ አደረ። በማግስቱ በዘይት ጠበሱት፤ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ የሰለሪ ሥር ጨመሩ፤ ቀይ ወይን ገባ፤ ደረቅ ፕሪም ገባ። ለሰዓታት ቀስ እያለ ተንተከተከ። ሥጋው ወጥቶ ተቆረጠ፣ መረቁ ተፈጨ፣ ሥጋው ተመልሶ ገባ። እሑድ ከድንች ከተሠራ ኞኪ ጋር ቀረበ። መረቁ ጥቁር ቡናማ ነው፤ መጀመሪያ ይጣፍጣል፣ ቆይቶ ይኮመጥጣል።

አዎ፣ ስሙ ከቬኒስ ወገን መምጣቱን እሳቸውም አልካዱም። ግን በዳልማቲያ ሰርግና በዓል ላይ የሚቀርበው ይሄ ነው። እያንዳንዱ ሰው የእናቴን የመሰለ የለም ይላል። ዶሮ ወጥን ያየ ሰው ይሄን ለመረዳት አይቸገርም።

ሊቀዳ የማይችል ነገርም አለ። ፓግ የምትባል ደሴት አለቻቸው፤ ከሩቅ ስትታይ ጨረቃ ትመስላለች፤ ራቁቷን ነው ያለችው። ከቬሌቢት ተራራ ቡራ የሚሉት ነፋስ እየወረደ ባሕሩን ይገርፈዋል። የባሕሩ ጨው ተረጭቶ ደሴቲቱ ላይ ባለችው ጥቂት ሣርና ቅጠላ ቅጠል ላይ ያርፋል። በጎቹ ያን ይግጣሉ። ከወተታቸው የሚሠራው አይብ ገና አፍ ውስጥ ሲገባ ጨውና ቅጠል ይላል። ይሄን ከየትኛው ጣሊያን ቀዱት? ጣሊያኖች ራሳቸውስ ቢሆኑ። ክሮኤሺያውያን ከደረቀ ወይን ፍሬ የሚሠሩት ፕሮሼክ የሚባል ጣፋጭ ወይን አላቸው። ስሙን በአውሮፓ ኅብረት ሊያስመዘግቡ ሲነሱ ጣሊያን «ከፕሮሴኮዬ ጋር ይምታታብኛል» ብላ በ2021 ተቃወመች። ሁለቱ ወይኖች በስም እንጂ በሌላ አይመሳሰሉም።

የጾሙ ነገር። ጸሐፊው እውነታቸውን የሆነበት ቦታ ስላለ መጀመሪያ እሱን ልስጣቸው። አሳማ ብዙ ነው። ፕርሹት የሚሉት የደረቀ ሥጋ የአሳማ ነው። ኩለን የሚባለው ቀይ የስላቮኒያ ቋሊማም የአሳማ ነው። ጀርመን ውስጥ ቼቫፕቺቺው ሳይቀር ቅልቅል ሊሆን ስለሚችል መጠየቅ ያስፈልጋል። ኦክቶፐሱና ኦይስተሩም ክንፍና ቅርፊት የለውምና የእኛ ወግ አጥባቂ ሰው አይነካውም። ይሄን ሁሉ ልክ ብለዋል። ሜኑው ላይ «የጾም» የሚል ዓምድም የለም።

ግን ቆስጣው አለ። ሶፓርኒክም አለ። ይሄ ከስፕሊት በታች ፖልዪጻ በሚባል አገር የሚጋገር ነው። እርሾ የሌለው ሊጥ እንደ ወረቀት ይሳሳል፤ በላዩ የተከተፈ ቆስጣና ሽንኩርት ይበተናል፤ ሌላ ሊጥ ይከደንበታል። ስፋቱ እንደ እንጀራ ምጣድ ነው፣ እንዲያውም ይበልጣል። ምድጃው ተጠርጎ እዚያው ይደረግና ረመጥ ይለብሳል። ሲወጣ አመዱ ይራገፍና የወይራ ዘይትና ነጭ ሽንኩርት ይቀባል። ወተት የለው፣ ቅቤ የለው፣ እንቁላል የለው። የድሆች የጾም ምግብ ነበር። ዛሬ የአውሮፓ ኅብረት ስሙን የጠበቀለት ነው። እኛ ምግብ ቤት ዓርብ ዓርብ ይሠራሉ፤ ሜኑ ላይ የለም፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በቾክ ተጽፎ ከመጠጥ ባንኮኒው ጀርባ ተደግፏል። ጸሐፊው የሄዱት ቅዳሜ ነው። ዕድል የላቸውም።

ዓሣን በጾም የሚበሉ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ቦታ አያገኙም። ክሮኤሺያውያን አብዛኞቹ ካቶሊኮች ናቸው። የገና ዋዜማን በዓሣ ነው የሚያሳልፉት፤ ደረቁ ኮድ ዓሣ ከድንች ጋር ይቀቀላል። ሰውየው ሥጋ አዝዘው ሥጋ መጣ ብለው ተቆጡ እንጂ ሌላ አልጠየቁም።

ሦስተኛው ክስ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። የወይኑ።

የጠጡት «የቤቱ ወይን» የሚባለውን በብርጭቆ ማሰሮ የሚመጣውን ነው። ኮምጣጣ ነው ብለዋል። ነው። እኔም አልወደውም። ግን መንገድ ዳር በስኳር የተጠመቀ ጠጅ ቀምሶ «የኢትዮጵያ ጠጅ አይረባም» ማለት ይቻላል እንዴ?

ታሪክ የለውም ላሉት ግን ህቫር የምትባል ደሴት ትመልስላቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ384 ከፓሮስ የመጡ ግሪኮች እዚያ ሰፈሩ። ከከተማው ጀርባ ያለውን ሜዳ በድንጋይ ካብ ከፋፈሉና ወይንና ወይራ ተከሉ። ካቡ ዛሬም አለ። ወይኑና ወይራውም እዚያው ላይ እየተተከለ ነው። ዩኔስኮ በ2008 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። እኔ በእረፍት ሄጄ በእግሬ ዞሬበታለሁ። አንድ ገበሬ ትራክተሩን ካቡ ጥግ አቁሞ ምሳውን እየበላ ነበር። ቦታው ሙዚየም አይደለም፤ ሰው የሚያርስበት እርሻ ነው።

ስም የለውም ነው ያሉት? አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ዚንፋንዴልን ያውቁታል። የካሊፎርኒያ ኩራት የሆነ ቀይ ወይን ነው። ለረጅም ጊዜ የአሜሪካ የራሷ ወይን ነው ሲባል ኖረ፤ ከየት እንደመጣ በእርግጠኝነት የሚያውቅ አልነበረም። ካሮል ሜሬዲት የምትባል የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጉዳዩን ያዘችው። በ1998 ወደ ዳልማቲያ ሄደች። ከዛግሬብ ዩኒቨርሲቲ ኢቫን ፔዪችና ኤዲ ማሌቲች አብረዋት ነበሩ። መጀመሪያ የጠረጠሩት ፕላቫጽ ማሊ የሚባለውን የዳልማቲያ ቀይ ወይን ነው። ዲኤንኤው ግን ሌላ ነገር አሳየ። ፕላቫጽ ማሊ ከዚንፋንዴል የተወለደ ልጁ ሆኖ ተገኘ። ልጁ እዚህ ካለ አባቱም የሆነ ቦታ መኖር አለበት። ፍለጋው ቀጠለ። በ2001 ስፕሊት አጠገብ ካሽቴል ኖቪ በምትባል መንደር፣ አንድ አሮጌ የወይን ማሳ ውስጥ፣ ከሌሎች ጋር ተደባልቀው የቆሙ ጥቂት ግንዶች ተገኙ። ያው ራሱ ዚንፋንዴል ነው። መንደርተኛው ጽርልየናክ ካሽተላንስኪ ይለዋል፤ የጥንት ስሙ ትሪቢድራግ ነው። ደቡብ ጣሊያን ፕሪሚቲቮ እያለ የሚሸጠውም ይኸው ነው።

እስቲ አስቡት። አንድ ልጅ ተሰዶ ካሊፎርኒያ ገብቶ ስሙን ቀይሮ ሀብታም ሆነ። አገር ቤት ያሉት ዘመዶቹ ደግሞ መጥፋት አፋፍ ላይ ደርሰው፣ ማን እንደሆኑ የሚያውቅ ሳይኖር፣ ጥቂት ግንድ ብቻ ቀርተው ነበር። ለስደተኛ ሰው ይሄ የወይን ወሬ ብቻ አይደለም።

ሰውም አላቸው። ሚልየንኮ ግርጊች በ1923 ዴስኔ በምትባል የዳልማቲያ መንደር ተወለደ። በ1954 ከዩጎዝላቪያ ወጣ፤ ካሊፎርኒያ የደረሰው በ1958 ነው። በ1976 ፓሪስ ላይ ፈረንሳውያን ዳኞች መለያው ተሸፍኖ ወይን ቀመሱ። ከነጮቹ አንደኛ የወጣው የካሊፎርኒያ ሻርዶኔ ነበር። ጠማቂው ግርጊች ነው። ፈረንሳዮቹ ምን ያህል እንደደነገጡ መገመት አያቅትም። በ1996 ወደ አገሩ ተመልሶ ፔልየሻጽ በሚባለው ልሳነ ምድር ላይ የራሱን ወይን ማምረቻ ከፈተ። መቶ ዓመት ሞልቶት በታኅሣሥ 2023 አረፈ።

እዚያው ፔልየሻጽ ላይ ዲንጋች የሚባል ገደል አለ። ገደል ስል ማጋነኔ አይደለም፤ ወይኑ የተተከለው ወደ ባሕር በሚወርድ ዳገት ላይ ነው። ፀሐይ ከሰማይ፣ ከውሃውና ከነጩ ድንጋይ ሦስት ጊዜ ያገኘዋል ይላሉ። ድሮ ምርቱን በአህያ ተራራ አሻግረው ነበር የሚያመጡት። በ1970ዎቹ ገበሬዎቹ ተራራውን በስተው 400 ሜትር ዋሻ ሠሩ። ወይኑ በ1961 በሕግ የተጠበቀ ስም አግኝቷል፤ በዩጎዝላቪያ የመጀመሪያው ነበር። አንድ ጠርሙስ ዲንጋች የቤቱን ወይን ሦስት እጥፍ ያስከፍላል። ጸሐፊው ቢተዉት አልፈርድባቸውም። ግን ሳይቀምሱ ስም የለውም አይባልም።

ውሃ መቀላቀሉን በተመለከተ። እውነት ነው፣ ይቀላቅላሉ። ቀዩን በውሃ ሲያቀጥኑት ቤቫንዳ ይሉታል። ነጩን በሚኒራል ውሃ ሲያደርጉት ጌሚሽት ይባላል። ወጣቶቹ ደግሞ ቀዩን በኮካ ይጠጡና ባምቡስ ይሉታል። ጉደርን በኮካ ቀይጦ ጠጥቶ የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ በዚህ ይሳቅባቸው! ቱርቦን የፈጠርን እኛ፣ ቢራን ከስፕራይትና ከነጭ ወይን ያጋባን እኛ፣ ውሃ ቀላቀሉ ብለን ልንከስ? እሳቸው የሚኖሩበት የጀርመን ከተማ የቱ እንደሆነ አልጻፉም። እዚህ ፍራንክፈርት ግን የከተማው ሰው የሚኮራበትን የፖም ወይን በሚኒራል ውሃ ነው የሚጠጣው። ሙቀት ባለበት አገር፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ከሥራ መሐል የሚጠጣ ነገር ይቀጥናል። ዲንጋች ላይ ግን ውሃ ብታደርጉ ባለቤቱ ጠርሙሱን የሚቀማችሁ ይመስለኛል።

አራተኛው አጭር ነው። የተከለከሉት ምግብ ፔካ ነው። ፔካ ማለት ደወል የመሰለ የብረት ክዳን ነው። ሥጋውና ድንቹ በጎድጓዳ ትሪ ምድጃ ላይ ይቀመጣል፣ ክዳኑ ይደፋበታል፣ ፍም በላዩ ይከመራል። እሳት ከላይ፣ እሳት ከታች። ድፎ ዳቦ ስትጋገር ያየ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። መሐል ላይ አንዴ ይከፈትና ይገለበጣል፤ ወይን ጠብ ይደረግበታል። የእኛ ምግብ ቤት ጓሮ ውስጥ በጡብ የሠሩት ምድጃ አላቸው። ባለቤቱ ሰውዬ ክዳኑን ከማንሳታቸው በፊት በትንሽ መጥረጊያ አመዱን ዙሪያውን ይጠርጋሉ፣ ምግቡ ላይ እንዳይወድቅ። ያን ሲጠርጉ ማንም አያወራም።

ሁለት ሰዓት የሚፈጅ፣ ምድጃ የሚነድለት ምግብ ለድንገተኛ ሁለት ሰው አይሠራም። ዶሮ ወጥ በሃያ ደቂቃ ይድረስልኝ ያለ እንግዳ ቤታችን ቢመጣ እናቶቻችን ምን ይሉት ነበር? እኔ እንዲያውም ማይክሮዌቭ ውስጥ ሞቆ በአሥር ደቂቃ የሚመጣ ፔካ ነው ንቀት የምለው። በዋጋው ግን አልከራከርም። ለሁለት ሰው 90 ዩሮ ከፍለው ሆዳቸው ሞልቶ ልባቸው ባዶ ከወጣ መናደዳቸው ልክ ነው። አስተናጋጁም «የለም» ብቻ ብሎ ከሚሄድ፣ ለሌላ ጊዜ እንዴት እንደሚታዘዝ ቢነግራቸው ምን ነበረበት?

የቀረው «ክር የለም» ያሉት ነው።

አንዱ ክር መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው ሁለተኛ መልእክት ቲቶ ሄደባት የሚላት ድልማጥያ ይህችው ዳልማቲያ ናት። ስሟን በልጅነታችን አንብበን አልፈናታል።

ሁለተኛው ስድስት ኪሎ ቆሟል። የየካቲት 12 የሰማዕታት ሐውልትን የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም። ድንጋዩ ላይ የግራዚያኒ ወታደሮች ሲገድሉ፣ ሬሳ ሲወድቅ፣ ሰው ሲያለቅስ የሚያሳዩትን ቅርጾች የሠሯቸው ሁለት የዩጎዝላቪያ ቀራጮች ናቸው፤ አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች። ሁለቱም ክሮኤሺያውያን ናቸው። ሐረር የነበረውና በ2020 እ.ኤ.አ. የፈረሰው የራስ መኮንን ሐውልትም የአውጉስቲንቺች እጅ ነበር። አውጉስቲንቺች የተወለደው ዛጎርየ በሚባለው ሰሜናዊ አገር፣ ክላኜጽ ውስጥ ነው። አይብ የተጠቀለለበት ሽትሩክሊ የሚባለው ምግብ የዚያው አገር ነው። ክርሺኒች ደግሞ የኮርቹላ ደሴት ልጅ ነው፤ የሉምባርዳ መንደር።

ይሄን ያወቅሁት በወይን ምክንያት ነው። የምግብ ቤቱ ባለቤት ከኮርቹላ ናቸው። አንድ ማታ ግርክ የሚባል ነጭ ወይን ቀዱልኝ። ሉምባርዳ አሸዋ ላይ ነው የሚበቅለው። አበባው ሴቴ ብቻ ስለሆነ ራሱን ማዳቀል አይችልም፤ አጠገቡ ፕላቫጽ ማሊ ካልተተከለ ፍሬ አይዝም። እያወሩኝ ሳለ መንደሩ የድንጋይ ጠራቢዎችና የቀራጮች መንደር መሆኑን ነገሩኝ። የክርሺኒችን ስም አነሱ። ስሙ የሆነ ቦታ ያየሁት መሰለኝ። ስልኬን አውጥቼ ፈለግሁና የስድስት ኪሎን ሐውልት ፎቶ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። በሁለት ጣት ፎቶውን እያሰፉ ረጅም ሰዓት ተመለከቱ። አንዲት የምታለቅስ ሴት ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «ይሄ የት ነው?» አሉኝ። «እኔ የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ በር ላይ» አልኳቸው። ምንም አላሉም። ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ ትተውልኝ ወደ ማዕድ ቤት ገቡ።

ጸሐፊው ይህን ካነበቡ አንድ ነገር ልንገራቸው። ለመጪው ቅዳሜ ፔካ አዝዣለሁ፤ የበግና የጥጃ፣ አሳማ የለበትም። የሚሠሩት ቢያንስ ለአራት ሰው ነው። እኛ እስካሁን ሦስት ነን።